ስለ ሥጋ ዶሮ መኖ በጅጅጋና በአካባቢዋ፤ የኰመጠጠ ወተት፥ የመድኃኒትና የቅመም ታሪክ

ዶሮ በሀገራችን በየደጁ የምትጭር እንስሳ ስለሆነች የራስዋ ታሪክ ያላት አትመስልም። ስለ ከብት፥ ስለ ፈረስና ስለ ግመል ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዶሮ ግን የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወጧ ነው። ይሁን እንጂ ከሐረር ተነሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የካራማራን ተራራ ካለፈ በኋላ ወደ ጅጅጋ ሜዳ የሚወርድ ሰው፥ ዶሮም እንደ ሰው አገር የምትገባ፥ ስም የሚወጣላት፥ ቀስ በቀስም የምትለመድ እንግዳ መሆንዋን ለመረዳት ይችላል።

በሶማሊኛ የዶሮ ስሟ ሁለት ነው። አንዱ «ዲጋግ» ሲሆን ከዐረብኛው «ደጃጅ» ጋር ዘመድ ነው። ሁለተኛው «ዶሮ» ነው፤ ይህንን ለአማርኛ አንባቢ መተርጐም አያስፈልግም። እኛ የቋንቋ ሊቃውንት ባንሆንም፥ ከነዚህ ሁለት ስሞች ተነሥተን ዶሮ ወደ ሶማሌ ምድር የገባችው በሁለት በር፥ ማለት ከባሕሩ ጠረፍ በንግድ፥ ከደጋውም በጉርብትና ሳይሆን አልቀረም ብለን እንገምታለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጅጅጋንና በዙሪያዋ ያሉትን ቶጎ ውጫሌን፥ ቀብሪ በያህን፥ ሐርተ ሼክንና አውበሬን፥ እንዲሁም በሰሜን ምዕራብ በሲቲ ዞን የባቡሩን ሐዲድ ተከትለው የሚገኙትን ሽንሌንና ደወሌን ነው። ዓመተ ምሕረት ብለን ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ልናሳይ የምንወደውም አንድ ነገር ነው። ይኸውም ዛሬ «ፕሮባዮቲክ» በሚል ስም በከረጢት ታሽጎ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የዶሮ መኖ ጭማሪ፥ በታሪኩ መጀመሪያ ሌላ ነገር ሳይሆን የኰመጠጠ ወተት ነበረ፤ የጅጅጋም አካባቢ ወተት ማኰምጠጥን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቅ አገር ነው። በነዚህ በሁለቱ መካከል የገባው የመድኃኒት ዘመን ግን ለሁላችንም ዕዳ ትቶ አልፏል፤ በኛ አገርም ገና አላለፈም።

የቀድሞው አርብቶ አደር ዶሮ አይበላም ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ፍሬድሪክ ሲሙንስ በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የዶሮን ሥጋና ዕንቁላል የማይመገቡትን የዓለም ሕዝቦች ሲመረምር የአፍሪካን ቀንድ አርብቶ አደሮች ከነዚያ መካከል ቈጥሯቸዋል። ምክንያቱ ሃይማኖት ሊሆን አይችልም፤ የእስልምና ሕግ ዶሮን አይከለክልምና። እንደኛ አስተያየት ምክንያቱ ከዚህ የቀለለ ነው። ግመልና ፍየል ውሃና ሣር ፍለጋ ከሰው ጋር ይሄዳሉ፤ ዶሮ ግን አትነዳም። ማታ ከቈጥዋ የምትገባ እንስሳ ጠዋት ቤቱን አፍርሶ በግመል ጭኖ ለሚነሣ ሰው አትመችም። ደግሞም ለምግቧ እህል ትፈልጋለች፤ እህል ደግሞ የገበሬ እንጂ የአርብቶ አደር አይደለም።

ስለዚህ ዶሮ በዚህ አገር የከተማ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ጅጅጋ የጦር ሠፈርና የንግድ ከተማ ሆና ስታድግ፥ በ1909 ዓ.ም. ግድም በገዥነት የተሾሙት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም መንገዶችዋን ቀጥ አድርገው ሲያስነድፉ፥ ከደጋ የመጣው ወታደርና ነጋዴ ለበዓሉ ዶሮ ሳያረባ አልቀረም። በኋላም ከተማው እየሰፋ ሲሄድ፥ በስደት ኖረው የተመለሱና ባሕር ማዶ የቈዩ ሰዎች ሲበዙ፥ የዶሮ ሥጋ በየምግብ ቤቱ ከሩዝ ጋር መቅረብ ጀመረ። ዛሬ በጅጅጋ ዶሮ ይበላ እንደሆነ መጠየቅ የሚያስቅ ጥያቄ ነው። የሚያስጨንቀው ጥያቄ ያ ዶሮ ምን በልቶ አደገ የሚለው ነው።

በግቢ የምትውለው የአበሻ ዶሮ የራስዋን መኖ ራስዋ ትፈልጋለች። የእመቤቲቱ ድርሻ የእህል ጥራጊና የገበታ ትራፊ መወርወር፥ ማታም በሩን መዝጋት ብቻ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉበት ሰዓት ጀምሮ እናታቸውን ተከትለው እስዋ የጫረችውን መሬት ይለቅማሉ፤ ከኵስዋም ሳይቀር ይቀምሳሉ። ይህ ለዓይን የማያምር ነገር ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። አንባቢ ግን እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ ታላቅ ነገር ሆኖ እናገኘዋለንና።

በሽታ ሲመጣ፥ በተለይ ፈንግል ሲገባ፥ ቤት ያፈራው ሁሉ ይሞከራል። ነጭ ሽንኩርት ይወቀጣል፤ ሎሚ ይጨመቃል፤ ፌጦና ሚጥሚጣ በውሃ ይበጠበጣል፤ እሬት ባለበት አካባቢም እሬት ይሰጣል። እነዚህን መድኃኒቶች የሚያጣጥል ሰው እንዳለ ሁሉ ሁሉን ፈዋሽ የሚያደርጋቸውም አለ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ ሽንኩርትም ሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም፤ የሚከላከለው ክትባት ብቻ ነው። ነገር ግን እኒያ እናቶች ሽንኩርቱን የሰጡት በከንቱ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ወደዚህ ነገር እንመለሳለን።

አሁን ደግሞ ስለ ሥጋ ዶሮ፥ ማለት ስለ ብሮይለር እንናገር። ይህ ዶሮ ከአበሻው ዶሮ ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957ን ዘር የሥጋ ዶሮና የ2005ን ዘር ጐን ለጐን፥ አንድ ዓይነት መኖ እየመገቡ አሳድገው በ2014 ባወጡት ጥናት፥ በ56 ቀን የቀድሞው 905 ግራም ሲመዝን የኋለኛው 4,202 ግራም መዝኗል። መኖው አንድ ስለሆነ ልዩነቱ የዘር ምርጫ ነው። እንግዲህ በሁለት ወር ከአራት ኪሎ በላይ የሚሆን እንስሳ ሆዱ የሚሠራው እንደ እቶን ነው፤ አንጀቱ ከታወከ ጥቂት ቀን እንኳ አይታገሥም።

ከዚህም በላይ ይህ ጫጩት እናት የለውም። በሀገራችን የሥጋ ጫጩት በብዛት የሚፈለፈለው በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ከዚያ እስከ ጅጅጋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫጩቱ በሆዱ ይዞት የተፈለፈለው የአስኳል ቅሪት ሁለት ሦስት ቀን ስለሚያቈየው በካርቶን ተጭኖ መንገዱን ይችለዋል፤ ነገር ግን ያለ ምግብ የቈየበት እያንዳንዱ ሰዓት የአንጀቱን ዕድገት ያዘገያል። የተፈለፈለው በመድኃኒት በታጠበ መሣሪያ ውስጥ ነው፤ የእናቱን ድምፅ አልሰማም፤ ከእናቱ ጋር መሬት አልጫረም፤ ከኵስዋም አልቀመሰም። ንጹሕ ነው፤ ንጽሕናው ግን ባዶ ቤት እንደ ማለት ነው። ቀድሞ የደረሰ እንግዳ፥ ደግም ሆነ ክፉ፥ ይወርሰዋል።

ይህን ባዶ ቤት በምን እንሙላው የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ፥ በ1908 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ሊቅ፥ የኰመጠጠ ወተት ባክቴሪያ በአንጀት ውስጥ ያሉትን አጥፊ ባክቴሪያዎች እንደሚገታ ጽፎ ነበር። ይህን ሐሳብ ወደ ዶሮ ቤት ከወሰዱት ቀዳሚዎች አንዱ አሜሪካዊው ሊዮ ሬትገር ነው። በኮነቲከት ግዛት በስቶርስ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፥ ጫጩቶችን በነጭ ተቅማጥ ይፈጅ የነበረውን በሽታ ሲያጠና ለጫጩቶች የኰመጠጠ ወተት እየሰጠ ሞትና ዕድገታቸውን ይመዘግብ ነበር። ዘመኑ ከ1910 እስከ 1915 ባለው ጊዜ ነው። በ1925ም በካሊፎርኒያ የደረቀ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስኳር የተጨመረበት መኖ ኮክሲዲያ ለሚባለው የአንጀት በሽታ እንዴት እንደሚረዳ ተጠንቶ ታተመ። ዶሮ የወተትን ስኳር ለመፍጨት አይችልም፤ ስለዚህ ስኳሩ ሳይፈጭ ወርዶ በአንጀቱ መጨረሻ ለበጎዎቹ ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል። ሲበዛ ደግሞ ያስቀምጠዋል፤ ይህን ዝቅ ብለን እናነሣዋለን።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ መገመት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አልቀጠለም። በ1949 በአሜሪካ በሌደርሊ ቤተ ሙከራ ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ የሚባሉ ሊቃውንት ለጫጩቶች የቪታሚን ቢ12 ምንጭ ሲፈልጉ፥ ኦሪዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ተጨምቆ ሲወጣ የቀረውን አተላ ቢሰጧቸው ጫጩቶቹ ከሚጠበቀው በላይ ደለቡ። ያደለባቸው ቪታሚኑ ብቻ ሳይሆን በአተላው የቀረው መድኃኒት ነበረ። ነገሩ በ1950 ተገለጸ፤ በ1951ም የአሜሪካ መንግሥት አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በመኖ እንዲገባ ፈቀደ። ርካሽ ነበር፤ ይሠራ ነበር፤ ወተት መሸከምም ሆነ ማኰምጠጥ አያስፈልግም ነበር። ሬትገር ተረሳ።

የዘመኑን መገጣጠም እንመልከት። ልክ በዚያን ጊዜ፥ በ1952፥ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል በተደረገው ስምምነት ዛሬ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ኮሌጅ መምህራን መጥተው በኋላ በዓለማያ የቆመውን የእርሻ ኮሌጅ መመሥረት ጀመሩ። የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ኋይት ሌግሆርንንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉትን የውጭ ዶሮዎች ለማየት የበቃው በዚያ ኮሌጅ ምክንያት ነው። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ይኸው ነው። ለሀገራችን የሠራውን መልካም ነገር ሁሉ እናመሰግናለን። ሆኖም አዲሱ የዶሮ እርባታ ወደ እኛ የገባው፥ መድኃኒትን በመኖ መቀላቀል እንደ ሥልጣኔ በሚታይበት ዘመን እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። ከዘሩ ጋር የዘመኑ አስተሳሰብም አብሮ ይመጣል።

ዕዳው ብዙ ሳይቈይ ተጠየቀ። በ1969 በእንግሊዝ በስዋን ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው ኮሚቴ፥ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልግ መድኃኒት ለእንስሳ ማደለቢያ እንዳይውል መከረ፤ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ከእንስሳ ወደ ሰው ይሸጋገራልና። ስዊድን በ1986 ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለማደለቢያ የሚሰጡትን አንቲባዮቲኮች በሙሉ ከመኖ አስወጣ። አሜሪካም ለሰው ሕክምና አስፈላጊ የሆኑትን ለማደለቢያ መስጠትን በ2017 አስቆመች። በመካከሉ፥ በ2015 መጨረሻ፥ ሌላው መድኃኒት ሁሉ ሲያቅት ለሰው የሚሰጠውን ኮሊስቲንን የሚያሸንፍና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ ጂን በቻይና በእንስሳትና በሰዎች ላይ እንደ ተገኘ ተነገረ። ኮሊስቲን በቻይና በከብትና በአሳማ በዶሮም መኖ ይጨመር የነበረ መድኃኒት ነው።

እንግዲህ ያን የረሳነውን የጫጩትና የእናቱን ነገር የምናነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1971 በፊንላንድ የሥጋ ዶሮዎች ላይ የሳልሞኔላ በሽታ ተነሣ። ኑርሚና ራንታላ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጤነኛ ከሆነ ትልቅ ዶሮ አንጀት የወጣውን ገና ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ቢሰጧቸው ሳልሞኔላው በአንጀታቸው ቦታ አጣ። ጥናታቸው በ1973 ታተመ። በሌላ አነጋገር በሽንሌም ሆነ በአውበሬ ግቢ ያለች ዶሮ ለጫጩቶችዋ በየቀኑ በነጻ የምታደርገውን፥ ሁለት ሊቃውንት በቤተ ሙከራ አደረጉት። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው የዶሮ ፕሮባዮቲክ ሁሉ ላክቶባሲለስ ይሁን ባሲለስ ወይም እርሾ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ለእናት አልባው ጫጩት በከረጢት የተላከ እናት ነው ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728 በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕግ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ በአንድ የድንበር ከተማ ገበያ ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ያለ ምንም ጥያቄ ሸጠውልናል። ስንት እንስጥ ብለን ብንጠይቅ «በባልዲው አንድ ማንኪያ፤ ከበዛ አይጐዳም» ተባልን። ከተሰጠ በኋላ ዶሮው ሳይታረድ መቈየት ስላለበት ቀን የነገረን የለም። በአንድ ቤትም ጫጩት በገባ ቀን ሳይታመም ገና መድኃኒት እንደሚጀመርለት አየን። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ቸግሮትም ነው። መቶ ጫጩት በብድር ገዝቶ ሃያው ሲሞትበት ምን ይሆናል? ዱቄቱ ለሱ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ዋስትና ነው። ነገር ግን በዚያው ሠፈር ሕፃን በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች ታሞ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ፥ የሚታዘዝለት መድኃኒት ከዚያ ዱቄት ዘመድ ሊሆን ይችላል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮን በየቤቱ ለማዳረስ ሲነሣ ጫጩቱ እንደሚበዛ ጥርጥር የለውም፤ ዱቄቱም አብሮ እንዳይበዛ ነው ስጋታችን።

በዱቄቱ ፈንታ ምን ይሰጥ? ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ቅመምን ነው። ጥቁር አዝሙድ በምሥራቁ አገር ለሰውም የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ታይሞኩዊኖን የሚባለው ቅመሙ በቤተ ሙከራ ባክቴሪያን ሲገታ ታይቷል። ነጭ ሽንኩርት ኀይሉ የሚወጣው ሲወቀጥ ነው፤ አሊሲን የሚባለው ነገር በሙሉው ሽንኩርት ውስጥ የለም፥ ሲደቈስ ይፈጠራል እንጂ። ስለዚህ እናቶች መውቀጣቸው ልማድ ብቻ አልነበረም። ሚጥሚጣ ደግሞ ለዶሮ አያቃጥልም። በ2002 እንደ ተገለጸው፥ በእኛ ምላስና በአይጥ አፍ የሚጥሚጣን ግለት የሚቀበለው ነርቭ በአዕዋፍ ዘንድ ያንን ግለት አይሰማም፤ ለዚህ ነው ወፎች የዱር በርበሬ ለቅመው ዘሩን የሚበትኑት። አብሽም ተሞክሯል። የሁሉም ውጤት ግን ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጥናት ዕድገት ሲያገኝ ሌላው ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ቤቱ ንጹሕና ዶሮው ጤነኛ በሆነበት ሥፍራ መድኃኒቱም የሚሠራው ሥራ ያጣልና።

ሒሳቡንም ማስላት ያሻል። አንድ የሥጋ ዶሮ ሁለት ኪሎ እስኪሆን አራት ኪሎ ያህል መኖ ይበላል። ጥቁር አዝሙድ ከመቶ አንድ እጅ ቢገባበት ለአንድ ዶሮ 40 ግራም፥ ለመቶ ዶሮ 4 ኪሎ ማለት ነው። በጅጅጋ ገበያ የጥቁር አዝሙድን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል። ነጭ ሽንኩርቱም ቢሆን ከባለቤቱ ወጥ ተርፎ አይደለም።

ከጭማሪው በፊት ደግሞ መኖው ራሱ አለ። በቈሎና ማሽላ ከጅጅጋ ሜዳ ይገኛል፤ የኑግ ፋጉሎና አኩሪ አተር ግን ከሩቅ ይመጣል። በቅርብ ያለው የባቢሌ ለውዝ ነው፤ የዘይቱ ፋጉሎም ለዶሮ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ካልሻገተ። ከሻገተ ግን መርዝ ነው። በ1960 በእንግሊዝ ከመቶ ሺሕ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በድንገት ሲያልቁ ምክንያቱ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ዓለም ያወቀው በዚያ ሞት ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ለውዝም ላይ ይኸው መርዝ መኖሩ ተረጋግጧል። በእርጥብ መሬት ላይ በተከመረ መኖ ላይ ፕሮባዮቲክ መጨመር በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው፤ ከረጢቱን ከመሬት በጣውላ ከፍ ማድረግ ይቀድማል። በሲቲ በኩል ደግሞ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃም ዛፍ አለ። የሐረማያ ተመራማሪዎች የፍሬውን ዛላ ፈጭተው ለሥጋ ዶሮ መኖነት ሞክረው በ2011 አሳትመዋል። አርብቶ አደሩን ያስለቀሰ ዛፍ ዶሮ ቢቀልብ ጥቂት እንኳ ይክሳል፤ ዘሩ ግን ሳይፈጭ ወድቆ እንዳይበቅል በደንብ መደቈስ አለበት።

አሁን ወደ ወተቱ ደርሰናል። በጅጅጋ አካባቢ የኰመጠጠ የግመል ወተት «ዳናን» ይባላል። አሠራሩ ለአማራ እናት እንግዳ አይደለም። የወተቱ ዕቃ ይታጠባል፤ በእንጨት ጢስ፥ ወይራ ባለበት በወይራ፥ ይታጠናል፤ ወተቱ ይገባበታል፤ ተከድኖም ይቀመጣል። እንደ ሙቀቱ መጠን አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ የግመል ወተት ከላም ወተት ዘግይቶ ይኰመጥጣልና። ጢሱ መዓዛ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ የሚያበላሹትን ጀርሞች ያዳክማል። እርሾ ተብሎ የሚገባ ነገር የለም፤ እርሾው ዕቃው ራሱ ነው። በየጊዜው በአንድ ዕቃ ሲኰመጥጥ የኖረ ወተት የባክቴሪያውን ዘር በዕቃው ስንጥቅ ውስጥ ትቶለት ይሄዳል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሚዘጋጀው ዳናን ቅንብሩና የተሐዋስያኑ ነገር ተመርምሮ በ2016 ታትሟል።

ታዲያ ዳናን ለጫጩት ቢሰጥስ? እዚህ ላይ መቸኰል አይገባም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ባወጡት ትርጓሜ፥ ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ ጤና የሚጠቅም ሕያው ተሐዋስ ነው። «በበቂ መጠን» እና «የሚጠቅም» የሚሉት ቃላት መለካትን ይጠይቃሉ። ዳናን እንደየቤቱ ይለያያል። በጥሩ ዕቃ የተሠራው በላክቶባሲለስ የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ በቆሸሸ ውሃ የታጠበው ደግሞ ያንኑ የምንሸሸውን ጀርም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከላይ እንዳልነው የወተት ስኳር ሲበዛ ዶሮን ያስቀምጠዋል፤ ወተቱ በኰመጠጠ መጠን ስኳሩ ስለሚቀንስ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም መጠኑ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ሙከራው እንደዚህ ቢሆን እንላለን። በአንድ ቀን የመጡ ጫጩቶች በአራት ክፍል ይለዩ፤ ለአንዱ ንጹሕ ውሃ ብቻ፥ ለሁለተኛው ዳናን የተቀላቀለበት ውሃ፥ ለሦስተኛው ፈልቶ ባክቴሪያው የሞተበት ዳናን፥ ለአራተኛው ከውጭ የመጣው ፕሮባዮቲክ ይሰጥ። ሦስተኛው ክፍል ሙከራውን የሚያስከብረው ነው፤ ጥቅሙ ከሕያው ባክቴሪያ ይሁን ከወተቱ የሚለየው በሱ ነውና። በየሳምንቱ ይመዘኑ፤ የሞተው ይቈጠር። ለዚህ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው፤ ግመሉም ዶሮውም በደጁ አሉ።

ይህን ሐሳባችንን በቀብሪ በያህ መንገድ ላይ ወተት ለሚሸጡ አንዲት እናት ብንነግራቸው ሳቁብን። የግመል ወተት ለእንግዳ፥ ለሕመምተኛና ለሕፃን ነው እንጂ ለዶሮ የሚሰጥ ከቶ ሰምተው አያውቁም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰውም ግመል የሌለው መሆን አለበት አሉ። በዋጋውም ቢሆን ትክክል ናቸው፤ የሚጠጣው ወተት ዶሮውን ሊያስወድደው ይችላል። እኛም አፍረን ልንሄድ ስንል ዕቃቸውን ማጠብ ጀመሩ። መጀመሪያ ጥቂት ውሃ አግብተው ዕቃውን አናወጡት፤ በግድግዳው የቀረውን ዳናን የያዘው ነጣ ያለ ውሃ ወጣ። እሱን ወደ መሬት አልደፉትም፤ በጣሳ አድርገው ከደጃቸው ትጭር ለነበረች አንዲት ዶሮ ከነጫጩቶችዋ አስቀመጡላት። ለምን ብንላቸው «ይወዱታል» አሉን።